ከፕላዝማ እስከ ምናባዊ ዓለም፤ መምህሩ የት አለ?

እ.ኤ.አ. በ2019 የኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ጊዶ ማክራንስኪና ባልደረቦቻቸው ያሳተሙት ጥናት የትምህርት ቴክኖሎጂ ነጋዴዎችን ደስ የሚያሰኝ አልነበረም። 52 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በኮምፒውተር በተቀናበረ የሳይንስ ቤተ ሙከራ ውስጥ እንዲሠሩ ተደረገ፤ በአንድ በኩል በተራ የኮምፒውተር ስክሪን፣ በሌላ በኩል ደግሞ ዓይንን ሙሉ በሙሉ በሚጋርድ የቪአር መነጽር። መነጽሩን ሲያጠልቁ እውነተኛ ቤተ ሙከራ ውስጥ የቆሙ ያህል ተሰማቸው። የተማሩት ግን አነሰ። የአንጎላቸውን ሞገድ ሲከታተል የነበረው መሣሪያም አእምሯቸው ከልክ በላይ እንደተጨናነቀ አመለከተ።

ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በሳንታ ባርባራ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ጆሴሊን ፓሮንግና ሪቻርድ ሜየር ተቀራራቢ ነገር ሞክረው ነበር። ተማሪዎቹ መነጽር አጥልቀው በሰው ደም ሥር ውስጥ ተጓዙ። ያንኑ ትምህርት በተራ ስላይድ የተከታተሉት በፈተናው በለጧቸው። ጥናቱ ሁለተኛ ክፍልም ነበረው፤ ብዙ ሰው አልፎት ይሄዳል እንጂ ቁም ነገሩ ያለው እዚያ ላይ ነው። ጉዞው በየመሃሉ እየተቋረጠ ያዩትን በራሳቸው ቃል አሳጥረው እንዲጽፉ የተደረጉት ተማሪዎች፣ ሳያቋርጡ ከተጓዙት የተሻለ ውጤት አመጡ።

በጥናቱ ውስጥ ጉዞውን አቁመው "ምን አያችሁ?" ብለው የጠየቁት ተመራማሪዎቹ ናቸው። በክፍል ውስጥ ይህን የሚጠይቅ ከመምህሩ በቀር ማንም የለም።

ስለ ዲጂታል ትረካና ስለ ምናባዊ ዓለም ሲወራ ወሬው ቶሎ ወደ ዕቃው ይሄዳል፤ ስንት መነጽር፣ ስንት ታብሌት፣ ምን ያህል ፈጣን ኢንተርኔት። ላለፉት ሠላሳ ዓመታት በልዩ ልዩ አገሮች የተሞከረውን አገላብጦ ያየ ሰው ግን ሌላ ነገር ያስተውላል። ሥር የሰደዱት ሙከራዎች መምህሩን ከተማሪው አስቀድመው ተራኪና ገንቢ ያደረጉት ናቸው። መምህሩን አልፈው ተማሪው ጋ ለመድረስ የቸኮሉት ደግሞ ዕቃቸው ሲያረጅ አብረው አረጁ። ኢትዮጵያ ይህን በገዛ ክፍሎቿ አይታዋለች፤ ስለዚህ ጉዳዩ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም።

ዲጂታል ትረካ የተወለደው ከመድረክ ነው። ዳና አችሊ የተባለው አሜሪካዊ አርቲስት "ኔክስት ኤግዚት" በተሰኘው ዝግጅቱ፣ የሚነድ እሳት በሚታይበት ቴሌቪዥን አጠገብ ተቀምጦ ከቤተሰቡ ፎቶና ፊልም እየመዘዘ የሕይወቱን ታሪክ ያወጋ ነበር። የሳን ፍራንሲስኮው የትያትር ሰው ጆ ላምበርትና ኒና መለን ከእሱ ጋር ተባብረው፣ ይህን ችሎታ ማንም ሰው ሊማረው ይችላል በሚል እምነት እ.ኤ.አ. በ1994 አንድ ማዕከል አቋቋሙ። ማዕከሉ በ1998 ወደ በርክሌይ ተዛውሮ የዲጂታል ትረካ ማዕከል ተባለ፤ ከ2015 ወዲህ ስቶሪሴንተር በሚል ስም ይታወቃል።

የሥልጠናው አካሄድ ሲያዩት ቀላል ነው። ጥቂት ሰዎች ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ። እያንዳንዱ ሊነግር የመጣውን ያወጋል፤ ሌሎቹ ያዳምጣሉ፣ ይጠይቃሉ። ቀጥሎ ታሪኩ ከአንድ ገጽ ባልበለጠ ይጻፋል። ከዚያ በራስ ድምፅ ይቀዳል፣ ጥቂት ፎቶዎች ይደረደራሉ፣ ሙዚቃ ካስፈለገ መጨረሻ ላይ ይገባል። ውጤቱ ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ብቻ የሚወስድ ሥራ ነው። ኮምፒውተሩ የሚመጣው ወሬው ከበሰለ በኋላ ነው፤ ይህ ቅደም ተከተል በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። ታሪኩ ከየት መጀመር እንዳለበት፣ አድማጭ የቱ ጋ እንደሚሰለች፣ የትኛው ፎቶ ቃሉ የተናገረውን እንዲያው እየደገመ እንደሆነ የሚታወቀው በመሥራት፣ ጮክ ብሎ በማንበብና በመሰረዝ ነው። በዚህ መንገድ ያላለፈ መምህር ተማሪውን "ቪዲዮ ሠርተህ አምጣ" ይለዋል። ተማሪው ከኢንተርኔት ለቃቅሞ ያመጣል። ማርክ ይሰጠዋል። ነገሩ በዚያው ያበቃል።

የቢቢሲ የዌልስ ክፍል ይህንኑ ዘዴ ወስዶ፣ በፎቶግራፍ አንሺውና በካርዲፍ ዩኒቨርሲቲ መምህሩ ዳንኤል ሜዶውስ መሪነት ከ2001 እስከ 2008 እ.ኤ.አ. በየከተማውና በየመንደሩ እየዞረ ተራ ሰዎች የራሳቸውን ታሪክ እንዲሠሩ ረድቷል። ዘዴውን ወደ ትምህርት ቤት ያቀረቡት ግን በዋናነት የመምህራን ትምህርት ሰዎች ናቸው። በሂዩስተን ዩኒቨርሲቲ በርናርድ ሮቢን መምህራን ይህን ዘዴ ለታሪክ፣ ለሳይንስ፣ ለቋንቋ ትምህርት እንዴት እንደሚጠቀሙበት ለዓመታት አስተምረዋል፤ ዩኒቨርሲቲው በኮርሴራ በኩል ለማንም ክፍት የሆነ ኮርስም አዘጋጅቷል።

በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ፑንያ ሚሽራና ማቲው ኮህለር በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ቴክኖሎጂን በክፍል ለመጠቀም ሦስት ዓይነት ዕውቀት አንድ ላይ መገናኘት አለበት አሉ። የትምህርቱን ይዘት ማወቅ፣ ማስተማርን ማወቅና መሣሪያውን ማወቅ። ይህ ሐሳብ ዛሬ በየመምህራን ትምህርት ኮርሱ ይጠቀሳል፤ ከምን እንደበቀለ ግን ብዙ አይነገርም። ሁለቱ መምህራን ለሠልጣኞቻቸው የሶፍትዌር ትምህርት ከመስጠት ይልቅ፣ አንድ ሐሳብ በአጭር ፊልም አስረዱ ብለው ያሰማሯቸው ነበር። ሠልጣኙ ፊልሙን ለመሥራት ሲታገል የገዛ ትምህርቱ የቱ ጋ እንደሚደናገር ያየዋል። ስለ ፎቶሲንተሲስ የሁለት ደቂቃ ትረካ ሊሠራ የተቀመጠ የባዮሎጂ መምህር፣ ለዓመታት በቃሉ ሲያስጽፍ የኖረውን ነገር ከየት ጀምሮ ወዴት እንደሚወስደው ለመጀመሪያ ጊዜ ይቸግረዋል። ሥልጠናው የሚፈልገው ይህንን ችግር ነው።

ከዚህ ሁሉ ለአፍሪካዊ አንባቢ የሚቀርበው የኬፕታውን ምሳሌ ነው። የኬፕ ፔኒንሱላ ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሊመረቁ የደረሱ ዕጩ መምህራን የራሳቸውን ዲጂታል ትረካ እንዲሠሩ በትምህርታቸው ውስጥ አካተተ። አፓርታይድ ካበቃ በኋላ ያደጉ ወጣቶች ናቸው፤ አንድ ክፍል ውስጥ ይቀመጡ እንጂ የመጡት ከተለያየ ሰፈር፣ ከተለያየ ኑሮ ነው። የጎን ጓደኛቸው በምን ዓይነት ትምህርት ቤት አልፎ፣ ምን ዋጋ ከፍሎ እዚያ እንደደረሰ የሚሰሙበት አጋጣሚ ሆነላቸው። መምህር ሆነው ሲወጡ ፊታቸው የሚቀመጠው ልጅ ከየት እንደመጣ ለመጠየቅ ይህ ጥሩ ልምምድ ነው።

ሥራውን ከመሩት አንዷ ዳኒዬላ ጋቻጎ ግን በደስታው ላይ አልቆሙም። ስለዚሁ ሥራ በጻፉት የዶክትሬት ጥናት ያነሱት ጥያቄ ከባድ ነው። ክፍሉ ሁሉ አንድ ታሪክ ሰምቶ ቢያለቅስ ምን ተለወጠ? ዕንባ ሰሚውን አቅልሎት፣ ተናጋሪውን ግን ራቁቱን ሊያስቀረው ይችላል፤ በሁለቱ መካከል ያለው የኑሮ ልዩነት እንዳለ ይኖራል። ስለዚህ ሥልጠናው ታሪክ እንዴት እንደሚቀናበር ብቻ ሳይሆን፣ ከተሰማ በኋላ ምን ዓይነት ውይይት እንደሚከተል ማስተማር አለበት።

ይህ ነጥብ ኢትዮጵያ ውስጥ ከማንኛውም የቴክኒክ ጥያቄ ይቀድማል። ካለፉት ዓመታት ጦርነት በኋላ በትግራይ፣ በአማራና በአፋር፣ በሌሎችም ግጭት ባልራቃቸው አካባቢዎች፣ ወንበር ላይ ከተቀመጡት ልጆች መካከል ቤተሰብ የሞተበት፣ ቤቱ የተቃጠለበት፣ ከቀዬው ተፈናቅሎ የመጣ አለ። "ያጋጠማችሁን ተናገሩ" ብሎ ማይክ የሚሰጥ መምህር የሚከፍተውን ነገር መዝጋት ላይችል ይችላል። የልጁ ድምፅ አንዴ ቴሌግራም ላይ ከወጣ የሚመልሰው የለም። ማን ያየዋል? ልጁስ ነገ ሐሳቡን ቢለውጥ ይጠፋለታል? ወላጅ ያውቃል? ታሪኩ የአንድን ወገን ስም አንስቶ ቢሆንስ? የዲጂታል ትረካ ሥልጠና ለእነዚህ መልስ ሳይሰጥ የቪዲዮ ማቀናበሪያውን መተግበሪያ ብቻ አሳይቶ የሚበተን ከሆነ፣ ባይሰጥ ይሻላል። መምህሩ ልጁን ስለ ራሱ ሳይሆን ስለ አያቱ ሙያ፣ ስለ ሰፈሩ ወንዝ፣ ስለ አንድ አሮጌ ዕቃ እንዲተርክ መጠየቅ እንደሚችል ማወቁ ብቻ ብዙ ጉዳት ያስቀራል።

ወደ ምናባዊ ዓለም ስንሻገር ነገሩ መልኩን ይለውጣል እንጂ ጥያቄው ያው ነው።

የሃርቫርዱ ክሪስ ዴዴና ባልደረቦቻቸው በአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን ገንዘብ የሠሩት "ሪቨር ሲቲ" እስከ ዛሬ በአርአያነት ይነሳል። በኮምፒውተር ውስጥ የተገነባች የ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ከተማ ናት፤ ነዋሪዎቿ ይታመማሉ፣ ምክንያቱን ማንም አያውቅም። የመካከለኛ ደረጃ ተማሪዎች በስክሪኑ ላይ በሚወክሏቸው ምስሎች፣ በአቫታሮቻቸው፣ እየተዘዋወሩ የሆስፒታሉን መዝገብ ያያሉ፣ ነዋሪዎችን ያነጋግራሉ፣ የወንዙን ውሃ ይመረምራሉ። በሽታው አንድ አይደለም። በውሃ የሚመጣ አለ፣ በአየር የሚተላለፍ አለ፣ በነፍሳት የሚዛመት አለ፤ ምልክቶቹም ይደባለቃሉ። ቡድኑ ግምቱን ይዞ ሙከራ ይነድፋል፣ ውጤቱን ያነጻጽራል፣ በመጨረሻ ለከተማዋ ከንቲባ ደብዳቤ ይጽፋል።

እዚህ ላይ መነጽር የለም፤ ተራ ኮምፒውተር ነው። ልጁን የሚያስተምረው የከተማዋ ውበትም አይደለም። ደብዳቤውን ለመጻፍ መጨነቁ ነው። ለዚህ ደግሞ መምህሩ በቂ ዝግጅት ያስፈልገዋል፤ ሠላሳ ልጅ በሠላሳ አቅጣጫ ሲበተን ማን የት እንዳለ ማወቅ፣ መልሱን ሳይነግሩ መንገድ ማሳየት፣ አንዱ ቡድን የደረሰበትን ለሌላው እንዲያስረዳ ማድረግ። በጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሞ ለማስተማር የሠለጠነ ሰው ይህን በአንድ ቀን ገለጻ አያገኘውም።

ትረካንና ምናባዊ ዓለምን አንድ ላይ ያመጡት ደግሞ የአውሮፓ የቋንቋ መምህራን ናቸው። በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ከ2009 እስከ 2010 እ.ኤ.አ. የተካሄደው "አቫሎን" ፕሮጀክት መምህራን ሴኮንድ ላይፍ በተባለው ምናባዊ ዓለም ውስጥ ቋንቋ ማስተማርን እንዲለማመዱ አደረገ። በ2013 የጀመረውና በ2015 ያለቀው "ካሜሎት" አንድ እርምጃ አልፎ፣ በዚያው ዓለም ውስጥ አቫታሮችን እያንቀሳቀሱ አጫጭር ፊልም መቅረጽን አስተማራቸው። ማሺኒማ ይባላል። ከዚያ ከ2017 እስከ 2019 "ጊኒቪር" መጣ፤ መምህራን ለክፍላቸው የሚሆን ጨዋታ ራሳቸው እንዲነድፉ።

በሦስቱ ፕሮጀክቶች ውስጥ መምህሩ ከተጠቃሚነት ወደ ቀራጭነት፣ ከቀራጭነት ወደ ገንቢነት ሲሄድ ይታያል። ማሺኒማ የሚሠራ የቋንቋ መምህር ገበያ ውስጥ የሚደረግ ክርክር ለመቅረጽ መጀመሪያ ንግግሩን መጻፍ፣ ከባልደረባው ጋር ደጋግሞ መለማመድ፣ የማን ፊት የቱ ጋ እንደሚታይ መወሰን አለበት። ቋንቋው ውስጥ ይገባበታል። ተማሪዎቹን ይህንኑ ሲያሠራ ስንት ክፍለ ጊዜ እንደሚፈጅ፣ የቱ ጋ እንደሚሰናከሉ ከማንም ሳይጠይቅ ያውቃል።

የእነዚህ ሥልጠናዎች ደካማ ጎን የቆሙበት መሬት የሌላ ሰው መሆኑ ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ሴኮንድ ላይፍ በጊዜው ዩኒቨርሲቲዎች ተሽቀዳድመው ደሴት የተከራዩበት ዓለም ነበር። ባለቤቱ ሊንደን ላብ በ2010 መጨረሻ ለትምህርት ተቋማት የሚሰጠውን የግማሽ ዋጋ ቅናሽ ሊያነሳ መሆኑን ሲያስታውቅ ብዙዎቹ ለቀው ወጡ፤ ኩባንያው በ2013 ቅናሹን ቢመልስም የሄደው ሄዷል። ለታዳጊዎች ተለይቶ የነበረው ክፍልም በ2011 መጀመሪያ ተዘጋ። ጉግል ተማሪዎችን በካርቶን መነጽር ዓለምን የሚያስጎበኝበትን "ኤክስፔዲሽንስ" በሰኔ 2021 አቆመ። ምናባዊ መሰብሰቢያ የነበሩት የማይክሮሶፍቱ አልትስፔስ ቪአር በመጋቢት 2023፣ የሞዚላው ሃብስ በግንቦት 2024 ተከተሉት። በእያንዳንዱ መዘጋት ስንት የትምህርት ዕቅድ፣ ስንት ሌሊት ያደረ ሥራ አብሮ ጠፍቷል። አዝራሩን ብቻ የተማረ መምህር ባዶ እጁን ቀረ። ትረካ መንደፍን፣ ተማሪን አደራጅቶ ማሠራትን የተማረው ግን ዕውቀቱን ይዞ ወደ ሌላ ቦታ ተሻገረ።

ማይንክራፍት የተባለው የግንባታ ጨዋታ ከዚህ ሁሉ የተረፈው በከፊል መምህራን ቀድመው ስለገቡበት ነው። ማይክሮሶፍት ለትምህርት የሚሆነውን ቅጂ በ2016 እ.ኤ.አ. ከማውጣቱ ከዓመታት በፊት፣ ጆኤል ሌቪን የተባለ የኒው ዮርክ የኮምፒውተር መምህር ጨዋታውን ለትንንሽ ልጆች ማስተማሪያ ማድረግ ጀምሮ ነበር። ከፊንላንዳውያን ጋር ሆኖ "ማይንክራፍትኢዱ"ን ሲሠሩ የጨመሩት ነገር የመምህር ፍላጎት ምን እንደሆነ ይናገራል። መምህሩ ሁሉንም ተማሪ ባሉበት እንዲቆሙ ማድረግ ይችላል፤ ወደ ራሱ ሊጠራቸው ይችላል፤ የማይገቡበትን ቦታ ሊያጥር ይችላል። ለጨዋታ አምራች ትርጉም የሌለው የማቆሚያ ትእዛዝ፣ ክፍል ውስጥ ለቆመ ሰው ዋና መሣሪያ ሆነ።

መምህሩን ማለፍ አዲስ ፈተና አይደለም። በ1964 እ.ኤ.አ. በፓስፊክ ውቅያኖስ ያለችው አሜሪካን ሳሞዋ የትምህርት ቤቶቿ ዋና ትምህርት በቴሌቪዥን እንዲሰጥ አደረገች፤ የክፍሉ መምህር ረዳት ሆነ። ብዙ ዓመታት ሳይቆጠሩ መምህራኑ አጉረመረሙ፣ ሥርጭቱም እየቀነሰ ሄዶ ተጨማሪ መሣሪያ ብቻ ሆኖ ቀረ። ከአርባ ዓመት በኋላ፣ በ1997 ዓ.ም.፣ ኢትዮጵያ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቿ የፕላዝማ ትምህርትን ጀመረች።

ፕላዝማን ያየ ትውልድ ዛሬ ራሱ መምህር ሆኗል። በደቡብ አፍሪካ የተዘጋጁት ትምህርቶች በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ፣ በመላ አገሪቱ በአንድ ሰዓት ይለቀቁ ነበር። መምህሩ መጀመሪያ ላይ ጥቂት ደቂቃ ያስተዋውቅ ነበር፤ ከዚያ ስክሪኑ ሠላሳ ደቂቃ ያህል ይይዝ ነበር፤ የቀረችውን ጊዜ መምህሩ ያጠቃልልባት ነበር። ሥርጭቱን ማቆም አይችልም ነበር። ልጆቹ ባይገባቸው መመለስ አይችልም ነበር። መብራት ከጠፋ ትምህርቱ አመለጠ። ዓላማው ክፉ አልነበረም። ብቁ መምህርና ቤተ ሙከራ ለሌለው የገጠር ትምህርት ቤት ከከተማው እኩል ሥዕልና ሙከራ ለማድረስ የታሰበ ነበር፤ ብዙ ልጆችም የኬሚካል ውህደት ሲፈጠር ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩት በዚያ ስክሪን ነው። ነገር ግን መምህሩ በገዛ ክፍሉ ተመልካች ሆነ። የሳንታ ባርባራ ተመራማሪዎች ለውጥ ያመጣ ሆኖ ያገኙት ያ ማቋረጥ፣ "ምን አያችሁ?" የሚለው ጥያቄ፣ በፕላዝማው አሠራር ቦታ አልነበረውም።

በ2012 እ.ኤ.አ. ደግሞ መምህሩን ብቻ ሳይሆን ትምህርት ቤቱንም ያለፈ ሙከራ ተደረገ። የ"አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ" ፕሮጀክት መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ባሉ ሁለት መንደሮች፣ በእያንዳንዳቸው ሃያ ያህል ትምህርት ቤት ላልገቡ ልጆች በታሸገ ካርቶን ታብሌት አስቀመጡላቸው። ባትሪውን በፀሐይ ኃይል መሙላት ለአዋቂዎች ታየ፤ ከዚያ ወዲያ አስተማሪ አልነበረም። ልጆቹ ከፍተው አበሩት፣ ፊደል የሚያስተምር ዘፈን ዘመሩ፣ በአምስት ወር ውስጥ ተቆልፎ የነበረውን ካሜራ ከፈቱ። ዜናው ዓለምን ዞረ። የልጆቹ ንቃት የሚያኮራ ነው። ካሜራ የከፈተ ልጅ በካሜራው ምን ይተርክ የሚለውን ግን ታብሌቱ አልጠየቀውም።

በሌላ አቅጣጫ የሄደ ሥራም አለ። ብሩክታዊት ጥጋቡ መምህር ነበረች። ከባለቤቷ ሼን ኤትዘንሃውዘር ጋር የጀመረችው "ፀሐይ መማር ትወዳለች" በ1999 ዓ.ም. መባቻ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን መታየት ሲጀምር፣ ዋናዋ ገጸ ባሕርይ በእጅ የምትንቀሳቀስ ቀጭኔ ነበረች። ስቱዲዮ አልነበራቸውም። ያላቸው ስለ እጅ መታጠብ፣ ስለ ፊደል፣ ስለ ፍርሃት ለአምስት ዓመት ልጅ በአማርኛ እንዴት እንደሚነገር የሚያውቅ የመምህር ጆሮ ነው። ዝግጅቱ በ2008 እ.ኤ.አ. የጃፓን ፕራይዝና የፕሪ ዠነስ ሽልማቶችን አገኘ። ከአርባ ዓመት በላይ በቴሌቪዥን ለልጆች ተረት የነገሩት አባባ ተስፋዬ ሳህሉም ያላቸው ወንበር፣ ድምፅና ፊት ነበር። ዲጂታል ትረካ በኢትዮጵያ ከባዶ አይጀምርም ለማለት እነዚህ ሁለቱ ይበቃሉ።

የዩኔስኮ የ2023 ዓለም አቀፍ የትምህርት ክትትል ሪፖርት የመምህራንን የዲጂታል ችሎታ ለማሳደግ መስፈርት ያወጡት አገሮች ግማሾቹ ብቻ መሆናቸውን ገልጿል። መስፈርት ማውጣት አንድ ነገር ነው፤ የሚሠራበት ጊዜ ማግኘት ሌላ። በኢትዮጵያ ጊዜው በወረቀት ላይ አለ። ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ፣ መምህራን ባጭሩ "ተሙማ" የሚሉት፣ በዓመት 60 ሰዓት እንዲሠሩበት የታቀደ ነው። መምህራን የሚሰበሰቡበት የጉድኝት ማዕከልም አለ። ቅሬታው የታወቀ ነው። ሰዓቱ ቅጽ በመሙላትና ማኅደረ ተግባር በማደራጀት ያልፋል፤ ማኅደሩ ሲመረመር ይወፍራል፣ ክፍሉ ግን አይለወጥም።

ከእነዚያ 60 ሰዓታት ሃያውን ለትረካ መስጠት አዲስ በጀት አይጠይቅም። ስድስት ወይም ስምንት መምህራን በጉድኝት ማዕከሉ ክብ ሠርተው ይቀመጡ። የመጀመሪያው ቀን ስልክ አይከፈት። የሂሳብ መምህርቷ ክፍልፋይን ለእናቷ ገበያ ላይ እንዴት እንዳስረዳች ታውጋ፤ የጂኦግራፊ መምህሩ የተወለደበት ሸለቆ በሃያ ዓመት ውስጥ እንዴት እንደተቦረቦረ ይንገር። ይጻፉት፣ ያንብቡት፣ ይቆራርጡት። በሁለተኛው ስብሰባ ራሳቸው በያዙት ስልክ ይቅዱት። በሦስተኛው ለክፍላቸው ያሳዩትና ተማሪዎቹ ምን እንዳሉ ይዘው ይምጡ። ለዚህ ኢንተርኔት አያስፈልግም፤ ፋይል ከስልክ ወደ ስልክ በብሉቱዝ ይተላለፋል።

ተማሪው ጋ ሲደረስ ደግሞ ትምህርት ቤቶች ያቋቋሙት መዋቅር አለ፤ ሚኒ ሚዲያ። በሰልፍ ሰዓትና በእረፍት ድምፅ ማጉያ ይዘው ዜናና ጭውውት የሚያሰሙት ልጆች ከሌላው ይልቅ ለዚህ ሥራ ቅርብ ናቸው። ብዙ ትምህርት ቤት ተማሪ ስልክ ይዞ እንዳይገባ ይከለክላል፤ ክልከላው ምክንያት አለው፣ መጣስም የለበትም። ለሚኒ ሚዲያው ክበብ አንድ ወይም ሁለት ስልክ ተገዝቶ በኃላፊው መምህር እጅ ቢቀመጥ ግን የክፍሉ ታሪክ ሊቀዳ ይችላል። ልጆቹ የማንን ታሪክ ይቅዱ ለሚለው አንድ አርአያ አለ፤ በእስራኤል ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች አረጋውያንን ኮምፒውተር እያስተማሩ የሕይወት ታሪካቸውን የሚመዘግቡበት የትውልዶች ትስስር የሚባል ፕሮግራም አለ። አያት በአማርኛ ወይም በትግርኛ፣ የልጅ ልጅ በዕብራይስጥ በሚናገርበት የቤተ እስራኤል ቤት እንዲህ ያለ ሥራ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ለመገመት አይከብድም። ደብረ ብርሃንም ሆነ ጎንደር ያለ ልጅ አያቱን ለመጠየቅ ከዚያ የሚያንስ ምክንያት የለውም።

ጥሬ ዕቃውም እንደሚታሰበው አይጠፋም። ደራሲዋ ኤልሳቤጥ ሌርድ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ከብሪቲሽ ካውንስል ጋር ሆነው በየክልሉ እየዞሩ ያሰባሰቧቸው በመቶዎች የሚቆጠሩ ተረቶች በነጻ ይነበባሉ። ከ2014 እ.ኤ.አ. ወዲህ የሚሠራው የደቡብ አፍሪካው "አፍሪካን ስቶሪቡክ" በአማርኛም ታሪኮች አሉት፤ መምህር ወስዶ ሊያሻሽላቸው፣ የራሱንም ሊጨምር ይፈቀድለታል። ልጆች ፕሮግራም መጻፍ የሚለማመዱበት የኤምአይቲው ስክራች አማርኛን ከቋንቋዎቹ አንዱ አድርጓል፤ ኮምፒውተር ያለው ትምህርት ቤት አንዴ አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ሊጠቀምበት ይችላል። ልጅ የራሱን ገጸ ባሕርይ፣ የራሱን ዳራ፣ የራሱን ሕግ የሚሠራበት ትንሽ ዓለም ስለሆነ፣ ውድ መነጽር እስኪመጣ ድረስ ምናባዊ ዓለም መገንባትን በዚህ መለማመድ ይቻላል።

የሚከብደው ምዘናው ነው። መምህሩ በማኅደረ ተግባሩ ውስጥ የሥልጠና ሰርተፍኬት ቅጂ ካስገባ ነጥብ ያገኛል፤ የሁለት ደቂቃ ድምፅና ተማሪዎቹ በዚያ ተነስተው የሠሩትን ቢያስገባ ግን የሚቆጠርለት ዓምድ በቅጹ ላይ የለም። ዓምዱ ቢጨመር ደግሞ የሚመዝነው ሱፐርቫይዘር ምን እንደሚያይ ማወቅ አለበት፤ ምስሉ ጥራት አለው ወይ ብሎ ከሆነ የሚያየው፣ ከተማ ያለውና የተሻለ ስልክ የያዘው መምህር ሁልጊዜ ይበልጣል። ተማሪው ምን ጠየቀ፣ ምን ጻፈ፣ የቱ ጋ ቆመው ተወያዩ የሚለውን ለማየት ሱፐርቫይዘሩም በዚያው ክብ ውስጥ ተቀምጦ የራሱን ታሪክ መሥራት ይኖርበታል። የመምህራን ኮሌጆች ይህን ከምረቃ በፊት እንደ ኬፕታውኑ በትምህርታቸው ቢያካትቱት፣ በየዓመቱ ሥራውን አንድ ጊዜ በእጁ የሞከረ መምህር ወደየወረዳው ይወጣል። ኮሌጆቹ ለማስተማር ልምምድ ዕጩዎቹን ወደ ትምህርት ቤት የሚልኩበት ጊዜ ስላለ፣ ሙከራውን እዚያው ላይ መጀመር ይቻላል።